ከሰኔ እስከ ሰኔ፦ ለሠፈር ልጆች የሚሠራ የበጎ ፈቃድ ክበብ እንዴት ይቋቋማል?

ክረምት ሲገባ የበጎ ፈቃድ ሥራ በየሠፈሩ ይሞቃል። የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል። ጳጉሜን ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። ጥቅምት ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ወጣት ወደየሥራው ተበትኗል። ልጁ እዚያው ነው። ደብተሩ ኅዳር ላይ ያልቅበታል። ጫማው ታኅሣሥ ላይ ይቀደዳል። ከትምህርት ቤት የሚቀረውም ብዙ ጊዜ መስከረም ላይ ሳይሆን በእነዚህ ወራት ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የአንድ ቀን ስጦታ ስለማዘጋጀት አይደለም። ጥቂት ጓደኛሞች ወይም ጎረቤታሞች ተሰባስባችሁ ከአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ዓመቱን ሙሉ የምትቆዩበትን ክበብ እንዴት እንደምታቋቁሙ ነው የሚያሳየው። ለመጀመር ጥሩው ጊዜ ሰኔ ነው። ትምህርት ሊዘጋ ሲል መምህራን ገና በቦታቸው አሉ፣ የትኛው ልጅ እንደተቸገረም በደንብ ያውቃሉ።

1. መጀመሪያ ሰው

ሁለት መቶ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ከመክፈት፣ በየወሩ ሳይቀሩ የሚመጡ አሥር ሰዎችን ማግኘት ይሻላል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የበጎ አድራጎት ሥራ የሚሠራው የሮታሪ ክለብ በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ሲጀመር የተሰበሰቡት አራት ሰዎች ናቸው። ወላጅ አልባ ሕፃናትን በማሳደግ የሚታወቁት እዳዬ አበበች ጎበናም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው ረሃቡን ሲያዩ፣ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ነው ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ትልቅ ሆነው የምናያቸው ሥራዎች አጀማመራቸው ይህን ያህል ነበር።

ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ሰው በቂ ነው። ሁሉም የአንድ ዕድሜ ሰው ባይሆን ጥሩ ነው። መምህር የሆነ ወይም የነበረ አንድ ሰው ይኑር። ሒሳብ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። በተለይ ደግሞ በዕድሩ የሚታወቁና የሠፈሩን ቤት ሁሉ የሚያውቁ አንድ እናት ይኑሩ። ማን ቤት ምን እንደጎደለ ከማንም በፊት የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ወጣቶቹ ቴሌግራሙን ያውቃሉ፣ እማማ ደግሞ ሰዉን ያውቃሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ኃላፊነቱን እንደ ዕድር አከፋፍሉት። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ እና ሒሳብ ተቆጣጣሪ። በዚህ ላይ የልጆች ደኅንነት ተጠሪ የሚሆን አንድ ሰው ጨምሩ፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ወረድ ብዬ አስረዳለሁ። የስብሰባው ቀን የማይቀያየር ይሁን፤ ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። የአባል መዋጮም ትንሽም ቢሆን ቋሚ ይሁን። ከራሱ ኪስ በየወሩ የማያወጣ ክበብ ሌላውን ሰው «አውጣ» ብሎ ለመጠየቅ አፍ አይኖረውም።

2. በማን ጥላ ሥር እንደምትሠሩ ወስኑ

ሦስት መንገድ አለ።

ቀላሉ ቀድሞ ካለ አካል ጋር መጠጋት ነው። ዕድር ሊሆን ይችላል፣ የወረዳው የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብር ሊሆን ይችላል፣ ወይም የትምህርት ቤቱ ቀይ መስቀል ክበብ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ በመሆኑ በየትምህርት ቤቱ ስሙን የማያውቅ የለም። ለመጀመሪያው ዓመት ይህን መንገድ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ዓለም አቀፍ ክለቦች ጋር መግባት ነው። ሮታሪ ዕድሜያቸው ከ18 በላይ ለሆኑ ወጣቶች ሮታራክት፣ ከ12 እስከ 18 ላሉት ደግሞ ኢንተራክት የሚባሉ ክለቦች አሉት። ላየንስ በበኩሉ ሊዮ የሚባል የወጣቶች ክለብ አለው። ጥቅሙ ልምድና ግንኙነት ነው። ግን የራሳቸው የአባልነት ክፍያና ደንብ ስላላቸው መጀመሪያ እንደ እንግዳ ሁለት ሦስት ስብሰባ ተቀምጣችሁ እዩ።

ሦስተኛው በራስ ስም መመዝገብ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት አባላት ይጠይቃል። ጠቅላላ ጉባኤውም የበላይ አካል ይሆናል። አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይኸው አዋጅ ይደነግጋል። ዕድርና ዕቁብ ግን በአዋጁ አይሸፈኑም። ከመመዝገባችሁ በፊት የወቅቱን መስፈርት ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ጠይቁ። ምዝገባው የዓመት ሪፖርትና የኦዲት ሥራ አብሮት ስለሚመጣ፣ ሥራው ከአንድ ትምህርት ቤት አልፎ እስኪሰፋ መጠበቅ አይጎዳም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከአባላት ውጭ፣ በመንገድ ላይ ወይም ቤት ለቤት ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ወረዳውን በደብዳቤ አሳውቁና ፈቃድ ጠይቁ። ያለ ፈቃድ ሣጥን ይዞ መዞር ከሕግም ያጋጫል፣ ስማችሁንም ያጠፋል።

3. ከመግዛት በፊት መጠየቅ

ብዙ ክበብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ይሰበሰብና ደብተር ይገዛል፤ «ደብተር ነው የጎደላቸው?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ እያቀረበ ነው። እዚያ ደብተር ጭናችሁ ብትሄዱ ለልጁ ሁለተኛ ደብተር ነው የምትሰጡት። የጎደለው ጫማ ሊሆን ይችላል፣ መነጽር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ማታ የሚያስጠናው ሰው። ከከተማ ወጣ ስትሉ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ ደብተሩ ራሱ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ሰኔ ላይ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። መጀመሪያ ርእሰ መምህሩን አነጋግሩ። የመተባበሪያ ደብዳቤ ከያዛችሁ ነገሩ ይቀላል። ከዚያ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱን፣ ቀጥሎም የክፍል ኃላፊ መምህራንን። «ምን እንርዳችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ወይም አጥር ነው። ይልቅ እንዲህ እያላችሁ ጠይቁ፦

ዘንድሮ ከክፍላችሁ ስንት ልጅ አቋረጠ? በየትኛው ወር? ምን ሆኖ ነው?

በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የሚቀሩ ልጆች አሉ? የሚቀሩት የገበያ ቀን ነው ወይስ ሌላ ቀን?

ሴት ልጆች በወር ውስጥ ለተከታታይ ሦስት አራት ቀን ይቀራሉ?

ከፊት ካልተቀመጠ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ አለ?

አራተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ የማይችል አለ?

መልሱን እዚያው ጻፉት። ከሦስት መምህራን ተመሳሳይ መልስ ካገኛችሁ ሥራችሁን አገኛችሁ ማለት ነው።

ከዚያ የልጆቹን ዝርዝር ትምህርት ቤቱ ያውጣው። እናንተ አትምረጡ። ክበቡ ራሱ ከመረጠ የአባላት ዘመድ አዝማድ ይገባበታል፤ ባይገባም ሐሜቱ አይቀርም። ዝርዝሩን የክፍል ኃላፊዎቹ ያዘጋጁ፣ ኅብረቱ ያጽድቀው፣ ከወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋርም ይመሳከር። እዚያ ሌላ ድርጅት የያዛቸውን ልጆች ያውቃሉ። ማንም ያልያዘው ልጅ ቅድሚያ ያግኝ።

4. አንድ ሥራ ምረጡ

የሮታሪ የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ሥራ በ1907 እ.ኤ.አ. ቺካጎ መሀል ከተማ ላይ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ከተማው የጎደለው እሱ ስለነበረ እሱን ሠሩ። በ1917 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ላየንስ ደግሞ በ1925 ማየትና መስማት የተሳናት አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሄለን ኬለር በጉባኤው ላይ ቀርባ ለዓይነ ስውራን እንዲቆም ከጠየቀችው ወዲህ ስሙ ከዓይን ጤና ጋር ተያይዞ ቀርቷል። አንድ ነገር ይዞ የቆየ ክለብ በዚያ ነገር ሰው ይጠራዋል።

እናንተም ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ዋና ሥራ፣ ሲበዛ ሁለት፣ ያዙ። በእኛ ሠፈሮች በጥቂት ገንዘብ ብዙ ለውጥ የሚያመጡትን ላንሳ።

*የዓይን ምርመራ።* ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከኋላ ይቀመጣል። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዛችሁ በ6 ሜትር ርቀት በሚነበበው የዓይን መለኪያ ሰንጠረዥ አንድ ክፍል በግማሽ ቀን ማየት ይቻላል። ፊደል ለማይለዩ ሕፃናት አቅጣጫውን በእጃቸው የሚያሳዩበት ሰንጠረዥ አለ። ችግር የታየበትን ልጅ ከወላጁ ጋር ወደ ዓይን ክሊኒክ ላኩ። አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል የታወቀ ነው። የክበቡ ድርሻ ትራንስፖርቱና መነጽሩ ነው። መነጽር ግን ያለ ምርመራ፣ በጅምላ ተገዝቶ አይታደልም።

*የንጽሕና መጠበቂያ።* ሴት ልጆች በወር አበባ ጊዜ የሚቀሩት ሞዴስ ስለሌላቸው ብቻ አይደለም። የሚዘጋ መጸዳጃ ቤትና ውኃ ስለሌለም ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ አስቡ። መቀሌ ላይ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 እ.ኤ.አ. በሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተሸልማለች። የሚታጠበው ዓይነት ለዓመት ሒሳብ ይረክሳል። ግን ልጅቷ ሳሙና ማግኘት አለባት፣ ፀሐይ ላይ ማስጣትም መቻል አለባት። አፍራ አልጋ ሥር ከደበቀችው እርጥብ ሆኖ ይቆይና ይጎዳታል። ስለዚህ ዕቃውን የምትሰጥና የምታስረዳ አንዲት ሴት መምህር ወይም ነርስ ትኑር። በትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ በኩል ቢያልፍ ይመረጣል።

*ጫማና ዩኒፎርም።* ይህን ከታች በዝርዝር አያለሁ።

*የቅዳሜ ማስጠኛ።* ከሁሉም ገንዘብ የማይፈጀው እሱ ነው። ከሁሉም ጽናት የሚጠይቀውም እሱ ነው።

5. ገንዘቡን እንዴት እንያዘው?

በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ገንዘብ አትሰብስቡ። ሰውየው ምንም ቢታመን። በክበቡ ወይም በተጠጋችሁበት ዕድር ስም ተከፍቶ በሁለት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ይኑራችሁ። በቴሌብር የሚላክላችሁ ካለ በዚያው ቀን ወደ ባንኩ ይግባ፣ መልእክቱም ለጸሐፊው ይተላለፍ። በእጅ ለሚሰጥ ገንዘብ ቁጥር ያለው ካርኒ ይቆረጥ። ሃያ ብር ለሰጠ ሊስትሮም ይቆረጥለት። ደግሞ እሱ ነው በሚቀጥለው ወር ጠይቆ የሚሰጠው።

ገቢና ወጪው በየወሩ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለአባላት ይነበብ። ሒሳብ ተቆጣጣሪው ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለመነጋገር አስቸጋሪ የሆነው የገንዘብ ጉዳይ በየወሩ ከተነሳ አስቸጋሪነቱ ይቀራል።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ከሰበሰባችሁት ግማሹን መስከረም ላይ አትንኩት። ያ ግማሽ ለኅዳር ደብተር፣ ለጥር ጫማ፣ ድንገት ለታመመ ልጅ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለ60 ልጅ የመስከረም ዕቃ የሚበቃ ከሆነ 30 ልጅ ብቻ ያዙ። ይህን መወሰን ከባድ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ስሞች እያያችሁ ግማሹን መተው ማለት ነው። ግን 30ውን እስከ ሰኔ ማድረስ ስትችሉ ነው በሚቀጥለው ዓመት 60ውን የሚያምንባችሁ ሰው የምታገኙት። ላልተያዙት ልጆች ዝርዝሩን ለሌላ ዕድር ወይም ማኅበር እንዲተላለፍ ለወረዳው ስጡ።

ከውጭ አገር የሚረዱ ዘመዶችና ጓደኞችም ይኖራሉ። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያለ ሰው ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) ልክፈት ካለ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ኢትዮጵያ ወዳለ ባንክ እንደማይገባ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እዚያው ያለ ሰው ተቀብሎ በባንክ መላክ አለበት፣ የላከበትን ማስረጃም ለሁሉም ማሳየት አለበት። የተለበሰ ልብስና ጫማ በካርቶን ልላክ ለሚል ዘመድ ደግሞ በፍቅር «ገንዘቡን ላክልን» በሉት። ማጓጓዣውና ቀረጡ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የልጆቹ ልክም አይገኝበትም።

6. ልክ መውሰድና መግዛት

ዋጋ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይንራል። ግዢውን ሐምሌ ላይ ጨርሱ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ከሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቁ፣ በደርዘንና በጣቃ ግዙ። መርካቶም ሆነ በክልል ከተማ ያለ ጅምላ ሻጭ ለምን እንደሆነ ሲሰማ ዋጋ የሚቀንስላችሁ ብዙ ነው። ደረሰኝ ግን አትተዉ።

የጫማ ልክ በቁጥር አትጠይቁ። ብዙው ልጅ ቁጥሩን አያውቅም፤ የሚያውቀውም ያለፈውን ዓመት ነው። በዚህ መንገድ ውሰዱ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ጠዋት ከሚሆነው ያን ጊዜ ትንሽ ሰፋ ይላል። ልጁ ካልሲ አድርጎ ጠንካራ ወረቀት ላይ ይቁም፣ ሁለቱም እግሩ ላይ እኩል ይደገፍ። እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጋችሁ በእግሩ ዙሪያ አስምሩ። ሁለቱንም እግር። አንዱ እግር ከሌላው ሊረዝም ስለሚችል ትልቁን ውሰዱ። ከአውራ ጣቱ ፊት የአንድ ጣት ወርድ ጨምሩበት። በዚያው መስመር ወረቀቱን ቁረጡና ጀርባው ላይ የልጁን መለያ ቁጥር ጻፉ። ገበያ ስትሄዱ ወረቀቱን ጫማው ውስጥ ታስገባላችሁ። ሳይታጠፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተቀመጠ ልኩ ነው። ጫፉ ከተቆለመመ ሌላ ቁጥር ጠይቁ። ከሻጩም ጋር ልክ ያልሆነውን ለመቀየር ተስማሙ፤ ከ30 ውስጥ ሁለት ሦስቱ መቀየራቸው አይቀርም። ጭቃ በሚበዛበት ሠፈር የሸራ ጫማ ቶሎ ያልቃል። ትንሽ ተወድዶም ቢሆን የሚታጠብና ሶሉ የተሰፋ ይሻላል።

ዩኒፎርም ከሆነ የሠፈሩን ልብስ ሰፊ ሥራ ስጡት። ከተዘጋጀው ይልቅ ልኩ ይገጥማል፣ ገንዘቡም እዚያው ሠፈር ይቀራል። ሴት ልጆችን ሴት ትለካቸው። ለሱሪውና ለቀሚሱ ጫፍ አራት ጣት ያህል እጥፋት እንዲተውላችሁ ንገሩት። ልጅ በዓመት ውስጥ ያድጋል፤ ጥር ላይ እናቱ ፈትታ ታረዝምለታለች። ቀብዱ ከግማሽ አይብለጥ። የመጀመሪያውን አንድ ልብስ ሰፍቶ ሲያሳያችሁ ስፌቱን ግራና ቀኝ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ፣ ከዚያ በኋላ ሌላውን ይቀጥል።

7. የርክክቡ ቀን

መድረክ፣ ባነርና ማይክ ያለበት ሥነ ሥርዓት አታዘጋጁ። በመቶ ልጆች ፊት ስሙ ተጠርቶ «የችግረኛ» ተብሎ ቦርሳ የተቀበለ ልጅ ያን ቀን አይረሳውም። የክፍል ጓደኞቹም አይረሱትም።

ወላጅ ወይም አሳዳጊ በጳጉሜን ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ መጥቶ ይረከብ፣ ይፈርም። ዕቃው ሌላው ልጅ ሁሉ ከሚይዘው ጋር ይመሳሰል። ቦርሳው ላይ የክበቡን ስም ወይም የለጋሹን አርማ አታትሙ። ለእንቁጣጣሽ ከቤቱ እንደተገዛለት ልጅ ሆኖ ይግባ።

ለጋሾች ፎቶ ይጠይቃሉ። የተደረደረውን ጫማ፣ የደብተሩን ክምር፣ ልብስ ሰፊው ማሽኑ ላይ ሲሠራ ፎቶ አንሱላቸው። የልጅ ፊት አያስፈልግም። የተፈረመውን የርክክብ ቅጽም ስሙን ሸፍናችሁ ልታሳዩ ትችላላችሁ። በዚህ ቅር የሚለው ለጋሽ ካለ ቅር ይበለው።

8. የልጆች ደኅንነት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰን ማንኛውም ነገር የሕፃኑ ጥቅም ቀዳሚ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ክበባችሁ ውስጥ ይህ በጥቂት ጥብቅ ደንቦች ይገለጣል። ሁሉም አባል ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንብቦ ይፈርም።

ማንም አባል ከልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሆንም፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ። ማንም ልጅን ብቻውን ወደ ቤቱ አይወስድም። ለልጅ በግል ገንዘብ ወይም ስልክ አይሰጥም፣ በግልም አይደዋወልም። ቤት ለመጎብኘት ሁለት ሆኖ፣ ወላጅ ባለበት፣ ተጠርቶ ነው የሚኬደው። ዝርዝሩ ላይ ልጆች በቁጥር ይጠሩ። ስምና ቁጥሩ የተያያዘበት ወረቀት አንድ ቦታ፣ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ይቀመጥ፤ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ።

የደኅንነት ተጠሪው ሥራ ልጆች የሚቀርቡት ሰው መሆን ነው። አንድ ልጅ እየተደበደበ ወይም እየተጎዳ እንደሆነ ከተናገረ ወይም ምልክት ከታየበት፣ ክበቡ ራሱ ምርመራ አይጀምር፣ ቤተሰቡንም አይጥራ። የሰማችሁትን በልጁ ቃል ጻፉና በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱና ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ እንደ ሁኔታውም ለፖሊስ አሳውቁ። «ነገሩ በሽምግልና ይለቅ» የሚል ሰው ይመጣል። በልጅ ላይ በደረሰ ጥቃት እንዲህ ያለውን ሽምግልና አትቀበሉ።

አዲስ አባል ስትቀበሉ ሁለት የሚያውቁት ሰዎች ይመስክሩለት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከነባር አባል ጋር ይሥራ።

9. ከጥቅምት እስከ ግንቦት

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። በየወሩ አንድ አባል ትምህርት ቤቱ ሄዶ የልጆቹን የመገኘት መዝገብ ከክፍል ኃላፊው ጋር ይይ። በወር ከሦስት ቀን በላይ የቀረ ልጅ ካለ በዚያው ሳምንት ምክንያቱ ይጣራ። ታሞ ሊሆን ይችላል። ታናሹን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። እናቱ ገበያ ስትውል እንጨት እየሸጠ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሌላ መፍትሔ ነው የሚፈልገው፣ አንዳንዱም በክበብ አቅም የሚፈታ አይደለም። ቢያንስ ግን ልጁ መቅረቱን ያየ ሰው አለ።

የቅዳሜ ማስጠኛ ከጀመራችሁ ከ3 እስከ 5 ሰዓት በቂ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ይፍቀድላችሁ። ልጆቹን በክፍል ደረጃ አትመድቧቸው። የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ (ወይም የሚማሩበትን ቋንቋ) ክፈቱና አንድ በአንድ፣ ለብቻ፣ ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡላችሁ አድርጉ። ፊደል የማይለየው አንድ ቡድን። ፊደሉን ለይቶ ቃሉ ላይ የሚንተባተበው አንድ ቡድን። አንብቦ «ምን አነበብክ?» ሲሉት መናገር የማይችለው አንድ ቡድን። አራተኛ ክፍልም ይሁን ስድስተኛ የሚጀምረው ካለበት ነው። ንባብ የያዘ ልጅ ሌላውን ትምህርት በግማሽ ራሱ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለሚኒስትሪ ፈተና ጥያቄ ከማስሸምደድ በፊት ንባቡን አስቀድሙ። ለአንድ ቡድን ከአሥር ልጅ አይብለጥ፣ ሁለት አስጠኚ ይኑር።

በባዶ ሆድ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። ዳቦና ሻይ ወይም ቆሎ አዘጋጁ። የጾም ቀንም ቢሆን ይሆናል፣ ከየትኛውም ሃይማኖት የመጣ ልጅ ይበላዋል። በረመዳን ለሚጾሙ ትልልቅ ልጆች ሰዓቱን ቀደም አድርጉላቸው፤ ወደ ከሰዓት ከዞረ ይደክማሉ።

አስጠኚው ሲቀር አስቀድሞ ይንገር፣ ተተኪ ይላክ። ልጆች መጥተው በሩ ተዘግቶ ሁለት ቅዳሜ ካገኙት በሦስተኛው አይመጡም።

ኅዳር ላይ ደብተር ማን እንደጨረሰ ጠይቁ። ጥር ላይ፣ ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በኋላ፣ ጫማና ዩኒፎርም እዩ። ያ መስከረም ላይ ያልነካችሁት ግማሽ ገንዘብ የሚወጣው አሁን ነው። ቀላል ጥገናም አትርሱ፤ የላላ ሶል ለሠፈሩ ጫማ ሰፊ በጥቂት ብር ይሰጣል፣ አዲስ ከመግዛት ያድናል።

10. ሰኔ ሲመለስ

የሪፖርቱ ዋና ቁጥር ስንት ደብተር እንደታደለ አይሁን። መስከረም ላይ ከያዛችኋቸው ልጆች ስንቱ ሰኔ ላይ ክፍል ውስጥ አሉ? ያቋረጠውስ ለምን አቋረጠ? ይህን ለለጋሾች እንዳለ ንገሯቸው። ከ30 ልጅ አራቱ ቢያቋርጡ አራት ብላችሁ ጻፉ።

ኮሚቴው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። አንድ ጠንካራ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ክበብ ሰውየው ሥራ ሲቀይር ወይም ውጭ ሲሄድ ይፈርሳል። ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፦ የሒሳብ መዝገቡና ካርኒው፣ የሻጮችና የልብስ ሰፊው ስልክ፣ የልጆቹ የእግር ልክ ወረቀቶች፣ የተረፈ ዕቃ ቆጠራ። ባንክ ሄዳችሁ ፈራሚዎቹን ቀይሩ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳና ሐምሌ ላይ ለግዢ ገንዘብ ማውጣት ያቅታል። ከትምህርት ቤት የሚወጡትንና ስምንተኛ ክፍል የጨረሱትን ከዝርዝሩ ስታወጡ፣ ወደየትኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ጻፉ። እዚያም ያለ ርእሰ መምህር እንዲያውቃቸው ደብዳቤ አሲዛችሁ ላኳቸው።